ሕመምን ያስታገሠችው ጠብታ፦ በዓይን ማደንዘዣ ምክንያት መዳን ያቃተው የዓይን ብሌን ቁስለት (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሣሣን ምክንያት

የዓይን ማደንዘዣ ጠብታ ከማንኛውም የዓይን ሕክምና ክፍል ጠረጴዛ ላይ የማይጠፋ መድኃኒት ነው። የዓይን ግፊት ለመለካት፣ ጉድፍ ለማውጣት ወይም ስፌት ለመፍታት አንድ ሁለት ጠብታ ይደረጋል፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ዓይኑ ይደነዝዛል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቶም ስሜቱ ይመለሳል። በዚህ መልኩ ስንጠቀምበት ጉዳት ሲያደርስ ስለማናይ መሰለኝ፣ መድኃኒቱ ከነርቭ በስተቀር ሌላ ምንም እንደማይነካ አድርገን ማሰብ ለምደናል። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ ያንን ልማድ ያስተወን ነው። አንድ ወጣት ታካሚ ሕመሙን በሚያስታግሥለት ጠብታ የዓይኑን ሕዋሳት ለአምስት ሳምንት ሲገድል ቆየ፤ እኛም ምክንያቱን ሳናውቅ ለስድስት ቀናት ሌላ በሽታ ስናክም ቆየን።

የታካሚውን፣ የቤተሰቡንና የጤና ተቋማቱን ማንነት የሚያሳውቅ ዝርዝር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

የታካሚው ሁኔታ

ታካሚው የ27 ዓመት ወጣት ሲሆን በርና መስኮት በሚሠራ አንድ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ለአራት ዓመታት በበያጅነት ሠርቷል። ከዚያ በፊት የዓይን ሕመም አልነበረበትም። ነገሩ የጀመረው የተጣደፈ ሥራ በነበረበት አንድ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ብረቱን ለጊዜው ለማያያዝ ጭምብሉን ሳያደርግ፣ ዓይኑን ብቻ እየጨፈነ ደጋግሞ በይዷል። ይህ በሙያው ውስጥ ያልተለመደ አይደለም፤ አንድ እጅ ብረቱን ይዞ ሌላው የብየዳ መያዣውን ሲይዝ ጭምብል የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ምንም አልተሰማውም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ግን ሁለቱም ዓይኖቹ አሸዋ የተሞሉ ያህል እየቆረቆሩት ከእንቅልፉ ነቃ።

የብየዳ ብርሃን አልትራቫዮሌት የተባለውን ጨረር ይረጫል። ይህን ጨረር በብዛት የሚቀበሉት በዓይን ብሌን (ኮርኒያ፣ ከዓይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ክፍል) ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሕዋሳት ናቸው፤ ከስድስት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም እየሞቱ ይረግፋሉ፤ ከሥራቸው ያሉትም የነርቭ ጫፎች ይገለጣሉ። ሕመሙ ሰው የሚያስለቅስ ቢሆንም ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፤ ዓይኑ ካልታሸና ካልተነካካ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይድናል። የዚህ ወጣት ዓይንም ቢተዉት ኖሮ በሦስተኛው ቀን በዳነ ነበር።

በማግሥቱ ታላቅ እኅቱ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። የጤና ባለሙያው ዓይኑን ገልጦ ለማየት 0.5 በመቶ የሆነ ቴትራካይን የተባለ የማደንዘዣ ጠብታ አደረገለት። ታካሚው በኋላ እንደነገረን ሕመሙ ወዲያው ብን ብሎ ጠፋ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያልገለጠውን ዓይኑን ገልጦ ሰው አየ። የታዘዘለት የአንቲባዮቲክ ቅባት ነበር፤ እሱ የለመነው ግን ጠብታውን ነው። ባለሙያውም በርኅራኄ፣ ግማሹ ያለቀውን ብልቃጥ «ሲብስብህ ብቻ» ብሎ ሰጠው። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። እንዲያ በሚያቃስት ሰው ፊት ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ እያንዳንዳችን እናውቃለን።

የመጀመሪያው ብልቃጥ በአራት ቀን አለቀ። ቀጣዩን አንድ የሥራ ባልደረባው ያለ ማዘዣ ገዝቶ አመጣለት። በሁለተኛው ሳምንት በየሰዓቱ፣ በአራተኛው ሳምንት ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ያደርግ ነበር፤ ሌሊትም ለዚሁ ይነቃ ነበር። በእኅቱ ግምት እኛ ዘንድ እስኪመጣ ድረስ ቢያንስ ዘጠኝ ብልቃጥ ጨርሷል።

ወደ እኛ ሲመጣ ያየነውና ያልገባን

ሲመጣ በቀኝ ዓይኑ ማየት የሚችለው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የተዘረጉ ጣቶችን መቁጠር ያህል ብቻ ነበር። የግራው 6/36 ያነብ ነበር (ጤነኛ ዓይን ከ36 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ብቻ ማለት ነው)። የቀኝ ዓይኑ ቆብ አብጧል፤ ነጩ የዓይኑ ክፍል ደም መስሏል። ፍሎረሴይን የተባለውን ቀለም ነክተን በሰማያዊ ብርሃን ስናየው በብሌኑ መካከል ስድስት በአምስት ሚሊሜትር የሚሆን፣ የላይኛው የሕዋስ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ የተገፈፈ ስፍራ አረንጓዴ ሆኖ በራ። የተገፈፈው ስፍራ ጠርዝ ተጠቅልሎ ግራጫ መስሏል። በዙሪያው፣ በብሌኑ ውፍረት ውስጥ፣ ነጭ ቀለበት ይታያል፤ ከብሌኑ በስተጀርባም ጥቂት የነጭ ደም ሕዋስ ደለል ከታች ተቀምጧል።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ዓይን ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ኢንፌክሽን ነው። ሰውየው ከብረት ብናኝ ጋር የሚውል ነው፤ ዓይኑንም ከበርሜል በተቀዳ ውኃ ይታጠብ ነበር። ከቁስሉ ፍቀን በመውሰድ በግራም ቀለምና በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ መረመርን፤ ባክቴሪያም ፈንገስም አልታየም። ቢሆንም ሳይታይ ቀርቶ ይሆናል በሚል ለባክቴሪያ ሲፕሮፍሎክሳሲን በየሰዓቱ፣ ለፈንገስ ናታማይሲንም በየሁለት ሰዓቱ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ ተጠርጥሮ አሲክሎቪር ተጨመረ። ቀለበቱንና ከሚታየው ቁስል የበለጠውን ሕመም ያዩ አንድ ባልደረባችን ደግሞ፣ ታካሚው ኮንታክት ሌንስ ተጠቅሞ የማያውቅ ቢሆንም፣ አካንታሜባ የተባለው የውኃ ተሕዋስ ሊሆን እንደሚችል አነሡ። በአራት ጥርጣሬ ሦስት መድኃኒት ማለት ነው። በስድስተኛው ቀን የተገፈፈው ስፍራ በግማሽ ሚሊሜትር ሰፍቶ አገኘነው፤ የተዘራው ናሙናም ምንም አላበቀለም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተታችንን በግልጽ ማስፈር ይገባል። የብሌኑን ስሜት በጥጥ ጫፍ መፈተን የዚህ ዓይነት ቁስለት ምርመራ ዋና ክፍል ነው። ፈተንነው፤ ታካሚውም ዓይኑን አላርገበገበም። ነገር ግን በክፍላችን አሠራር ነርሷ የዓይን ግፊት ስለምትለካ ታካሚዎች ሐኪም ፊት ከመቅረባቸው በፊት ማደንዘዣ ይደረግላቸዋል። የብሌኑን መደንዘዝ እኛው ባደረግነው ጠብታ አሳበብነውና በካርዱ ላይ «ስሜት፦ መመዘን አልተቻለም» ብለን አለፍን። በየቀኑ ከምርመራ በፊት ማደንዘዣ እያደረግን፣ በማደንዘዣ የታመመውን ዓይን በማደንዘዣ ሸፍነነው ነበር።

ምክንያቱ የታወቀበት አጋጣሚ

ምክንያቱን ያገኘነው በምርመራ አይደለም። በሰባተኛው ቀን ጠዋት አስታማሚ እኅቱ ከክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝና «ዶክተር፣ ያቺ የምታሳርፈው ጠብታ አልቃበታለች፤ ከየት ነው የምገዛለት?» አሉኝ። የትኛዋ ጠብታ እንደሆነች ስጠይቃቸው ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ትንሽ ብልቃጥ አሳዩኝ። ስያሜው በእጅ ላብ ግማሽ ተፍቋል፤ «ቴትራ» የሚለው ብቻ ይነበባል። እኅቱ የደበቁት ነገር አልነበረም፤ ከሆስፒታሉ ከታዘዙት ሌላ መድኃኒት ይጠቀም እንደሆነ ስንጠይቅ «የለም» ያሉን፣ ይህች ከጤና ተቋም የተገኘች ስለሆነች ከታዘዙት አንዷ አድርገው ስለቆጠሯት ነው።

ታካሚው ግን ያውቅ ነበር። ስንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ ያለ እሷ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ እንደማይችል፣ ብንከለክለው ከሆስፒታሉ ለመውጣት አስቦ እንደነበር ነገረን።

ጠብታው በሕዋሳቱ ላይ የሚሠራው ሥራ

የዓይን ብሌን በመካከሉ ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ውፍረት አለው። ከዚህ ውስጥ ላይኛው የሕዋስ ሽፋን ከአምስት እስከ ሰባት ረድፍ ያለው፣ የጠቅላላውን ውፍረት አንድ አሥረኛ ገደማ የሚይዝ ስስ ግድግዳ ነው። ይህ ሽፋን ዘወትር በመታደስ ላይ ያለ ነው፤ ላይኛዎቹ ሕዋሳት ይረግፋሉ፣ ከሥር ያሉት ተባዝተው ይተካሉ፣ ከብሌኑ ዳርቻ የሚነሡ አዳዲስ ሕዋሳትም ወደ መካከል ይጓዛሉ፤ ሽፋኑም ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳል።

ሽፋኑ ሲገፈፍ መጀመሪያ የሚሆነው የሕዋስ መባዛት አይደለም፤ ጉዞ ነው። በቁስሉ ጠርዝ ያሉት ሕዋሳት ከተጣበቁበት ወለል ይላቀቃሉ፣ ይሳሳሉ፣ እንደ እግር ያለ ቅጥያ ወደ ባዶው ቦታ ዘርግተው እርስ በርስ እንደተያያዙ ይሳባሉ። በቁስሉ ላይ አንድ ረድፍ ከተነጠፈ በኋላ ነው ሽፋኑ በመባዛት የሚወፍረው። ሕዋሱ እግሩን ለመዘርጋት አክቲን የተባለ ውስጣዊ ማገር፣ ማገሩን ለማንቀሳቀስ ደግሞ ማይቶኮንድሪያ የሚያመነጨው ኃይል ያስፈልገዋል።

ቴትራካይን የነርቭን ስሜት የሚያጠፋው ሶዲየም የሚገባበትን በር ከውስጥ በኩል በመዝጋት ነው። በሩን ከውስጥ ለመዝጋት የሕዋሱን ቅባታማ ግድግዳ ማለፍ አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ችሎታው የነርቭ ሕዋስንና የብሌን ሽፋን ሕዋስን አይለይም። በሁለቱም ውስጥ ይገባል። ከነርቭ ውጭ ባሉ ሕዋሳት ላይ በቤተ ሙከራ የታየው፣ የማይቶኮንድሪያ ኃይል የማመንጨት አቅም እንደሚወርድ፣ የአክቲን ማገር እንደሚዛባ፣ የሕዋስ መከፈል እንደሚገታ ነው። መጠኑና የቆይታ ጊዜው ሲጨምር ሕዋሱ ራሱን ወደ ማጥፋት ሥርዓት ይገባል፤ ከዚያም ሲያልፍ ፈርሶ ይሞታል። 0.5 በመቶ የሚለው ቁጥር ትንሽ ይምሰል እንጂ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ አምስት ሚሊግራም ማለት ነው፤ ሕዋሱ ደግሞ በዚህ ፈሳሽ በቀጥታ ይታጠባል።

ሁለተኛው ጉዳት በነርቭ በኩል የሚመጣ ነው። የብሌን ነርቭ ሕመም ብቻ አይደለም የሚያስተላልፍ፤ የሽፋን ሕዋሳቱን ለዕድገትና ለጉዞ የሚያነቃቁ ንጥረ ነገሮችንም ያመነጫል፤ የዓይን መርገብገብና የእንባ ፍሰትም በእሱ ስሜት ይታዘዛሉ። የነርቩ ስሜት ሲዘጋ ሰውየው ዓይኑን ማርገብገቡ ይቀንሳል፣ እንባው ይደርቃል፣ ሽፋኑም ምግቡንና ማለስለሻውን አብሮ ያጣል። ብዙ ጊዜ በብልቃጡ ውስጥ ለመጠበቂያ የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድም ለብቻው ሕዋስ የሚጎዳ ነው፤ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ሲደረግ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከዚህ በኋላ አዙሪቱ በራሱ ይሄዳል። መድኃኒቱ ሕመሙን ያጠፋል፣ ሽፋኑ እንዳይከደን ያደርጋል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ኃይሉ ሲያልቅ የተገለጠው የነርቭ ጫፍ ከበፊቱ ይበልጣልና ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፤ ታካሚውም ብልቃጡን ያነሣል። ነጩ ቀለበት ሰውነት ለጉዳቱ በሰጠው ምላሽ የተሰበሰቡ ሕዋሳት እንጂ ተሕዋስ አልነበረም። ይህ ሳይቆም ቢቀጥል ጉዳቱ ወደ ብሌኑ ጥልቅ ክፍልና በመጨረሻም ከጀርባው ወዳለው የሕዋስ ረድፍ ይደርሳል፤ እነዚያ የጀርባ ሕዋሳት በሰው ልጅ ላይ ከሞቱ የሚተኩ አይደሉም።

ይህ አዲስ እውቀት አለመሆኑን መጥቀስ ይገባል። ካርል ኮለር የተባለው የቪየና ሐኪም በ1884 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኮኬይንን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት አስተዋወቀ፤ የብሌኑን ሽፋን እንደሚያደርቅና እንደሚያላላ ለመታወቅም ረጅም ጊዜ አልወሰደም። እንዲያውም የዓይን ሐኪሞች ሽፋኑን ሆን ብለው መግፈፍ ሲፈልጉ ይጠቀሙበት ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በሰባተኛው ቀን የጠረጴዛችንን ማደንዘዣ ጨምሮ ሁሉንም አቆምን። ናታማይሲን፣ አሲክሎቪርና በየሰዓቱ የሚደረገው ሲፕሮፍሎክሳሲንም ቆሙ፤ ብዛት ያለው ጠብታ በራሱ የሽፋኑን መዳን ያዘገያልና። በምትካቸው በቀን አራት ጊዜ አንድ የአንቲባዮቲክ ጠብታ፣ ማታ ቅባት፣ የዓይኑን የውስጥ ጡንቻ አሳርፎ ሕመም ለመቀነስ አትሮፒን፣ በአፍ ደግሞ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ታዘዘ። በቀኝ ዓይኑ ላይ ቁስል መሸፈኛ የሚሆን ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ አደረግን። የመጀመሪያው ሌንስ ሌሊት ወልቆ ትራሱ ላይ ተገኘ፤ ሰፋ ያለ ሌላ ተደረገለት።

ከታካሚው ጋር ያደረግነው ውይይት ግን ደካማ ነበር። «ካላቆምክ ትታወራለህ» አልነው፤ እሱም «እሺ» አለ፤ ብልቃጡንም ሰጠን። ማደንዘዣው በቆመ በሦስተኛው ቀን የተገፈፈው ስፍራ ወደ አምስት በአራት ሚሊሜትር ጠበበ፤ ደስ አለን። በአምስተኛው ቀን ተመልሶ ሰፋ። ተረኛዋ ነርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በመጸዳጃ ቤቱ መስኮት ጥግ ተደግፎ፣ ኮንታክት ሌንሱ ላይ እያንጠባጠበ አገኘችው። ሁለተኛ ብልቃጥ በጃኬቱ ገበር ውስጥ ነበረው። ሌንሱ መድኃኒቱን ስለሚይዝ ጉዳቱን አርዝሞት ይሆናል።

ነርሷ ያደረገችው ነገር ከእኛ ሁሉ ምክር የበለጠ ጠቀመ። አልተቆጣችም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ሕመሙ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስበት ጠየቀችውና በካርዱ ላይ ጻፈችው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ነበር። እኛ ግን የሕመም ማስታገሻውን በቀን ሦስት ጊዜ፣ የመጨረሻውን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እየሰጠን፣ መድኃኒቱ ኃይሉን በሚያጣበት ሰዓት ብቻውን እንተወው ነበር። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የማስታገሻው ሰዓት ተቀየረ፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሌሊቶች ትራማዶል ተጨመረ፤ በአእምሮ ሐኪም ምክርም አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን በማታ ተጀመረ። እኅቱም ጉዳዩ ከተብራራላቸው በኋላ ከሥራ ቦታው የሚመጡ ጠያቂዎችን «ጠብታ ይዛችሁ እንዳትመጡ» እያሉ ከበር ላይ ይመልሱ ጀመር።

በ13ኛው ቀን የቀኝ ዓይኑን ቆብ ከፊሉን በስፌት ለጊዜው ዘጋነው። ይህ ሁለት ነገር ሠራ፤ ብሌኑን ከአየርና ከቆቡ ሽኩቻ አሳረፈው፣ ጠብታ ማድረግንም አስቸጋሪ አደረገው። ከራሱ ደም የሚዘጋጅ የሴረም ጠብታም አስበን ነበር፤ ንጽሕናውን ጠብቆ የሚያዘጋጅ ክፍል ስላልነበረን ተውነው። ስቴሮይድ የተጨመረው ሽፋኑ ሊከደን ሲል፣ በትንሽ መጠንና በየቀኑ ክትትል ነበር፤ ቀደም ብሎ ቢሰጥ ብሌኑን ያቀጥናል የሚል ሥጋት ነበረን።

የግራ ዓይኑ ማደንዘዣው በቆመ በዘጠነኛው ቀን ዳነ። የቀኙ ሽፋን የተከደነው በ24ኛው ቀን ነው። ቀለበቱ እየሳሳ ሄደ፤ በመካከሉ ግን ጠባሳ ቀረ።

ለሌላ ሥራ የሚጠቅም ነገር

በአሠራራችን ላይ ያደረግነው የመጀመሪያው ለውጥ ጥያቄ ነው። «ምን መድኃኒት ትጠቀማለህ?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ነው የሚያሳርፍህ? ስንት ጊዜ ታደርገዋለህ?» ብለን እንጠይቃለን። ያልታዘዘ መድኃኒት የሚጠቀም ሰው ለመጀመሪያው ጥያቄ «ምንም» ይላል፤ ለሁለተኛው ግን የልቡን ይናገራል። የብሌን ስሜትም ማንኛውም ጠብታ ከመደረጉ በፊት ይፈተናል፤ ይህ ጥጥና ግማሽ ደቂቃ ብቻ የሚጠይቅ ነው። የማደንዘዣ ብልቃጦች በቁጥር ይሰጣሉ፣ ማታ ይቆለፍባቸዋል።

በየብረታ ብረት ቤቱ ሊታወቅ የሚገባው ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው። በብየዳ የተመታ ዓይን በሁለት ሦስት ቀን ይድናል። የሚያስፈልገው የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻ፣ ቅባት፣ ጨለማና ዕረፍት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ካልተሻለ ሐኪም ማየት አለበት። በአንዳንድ አገሮች የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ለቀላል ጭረት ብቻ ተለክቶ የተሰጠ ጥቂት ማደንዘዣ ለ24 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ በጉዳዩ ላይ ከዓይን ሐኪሞች ጋር ክርክር አለ። ክርክሩ ግን ስለ አንድ ቀንና ስለ ጥቂት ጠብታ ነው፤ ብልቃጥ ይዞ ወደ ቤት ስለ መሄድ የሚከራከር የለም።

ጉዳዩ ከዓይን ውጭም ወዳሉ ሕዋሳት ይወስደናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ቡፒቫኬይን የተባለው ማደንዘዣና መሰሎቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በፓምፕ ለ48 እስከ 72 ሰዓት ያለማቋረጥ ወደ መገጣጠሚያ ሲፈስሱ የቅርጭጭት (የመገጣጠሚያ ልም አጥንት) ሕዋሳት አልቀው የተገኙባቸውን 35 ሰዎች መዝግቦ አስጠነቀቀ፤ አብዛኞቹ ትከሻቸውን የታከሙ ናቸው። እዚያም የተለመደ መድኃኒት፣ የተለመደ ክምችት ነበር፤ ያልተለመደው የቆይታው ርዝመት ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2016 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ከሦስት ሰዓት የሚረዝም ወይም የሚደጋገም አጠቃላይ ማደንዘዣ በአእምሮ ዕድገት ላይ ሊኖረው ስለሚችለው ጉዳት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ የማስጠንቀቂያው መነሻ በአብዛኛው የእንስሳት ጥናት ነበር። በሌላ በኩል አንድ ሰዓት ያልሞላ ማደንዘዣ የወሰዱ ሕፃናት አምስት ዓመት ሲሆናቸው የተመዘነ አእምሯዊ ችሎታቸው በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ከታከሙት አልተለየም።

የቤተ ሙከራ ውጤትን በቀጥታ ወደ ሰው ማሻገርም ሌላው ጥፋት ይሆናል። አንዳንድ ማደንዘዣዎች በብርጭቆ ሳሕን ላይ የካንሰር ሕዋሳትን እድገት እንደሚገቱ፣ ሌሎች ደግሞ እንደሚያግዙ ሲጻፍ ቆይቶ፣ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ባደረጉ 2,108 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2019 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) የታተመ ትልቅ ጥናት የማደንዘዣው ዓይነት በሕመሙ ማገርሸት ላይ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። በደም ሥር የሚዞር መድኃኒት ቀጥኖና ጉበት አግኝቶት ነው ሕዋሱ ዘንድ የሚደርሰው። የዓይን ጠብታና የመገጣጠሚያ ፓምፕ ግን ሳይቀጥን፣ በቀጥታ፣ ለረጅም ጊዜ ሕዋሱ ላይ ይፈስሳል፤ የሳሕኑ ሙከራና የሰው አካል የሚመሳሰሉት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ክትትል

ታካሚው ለ34 ቀን ተኝቶ ከታከመ በኋላ ወጣ። በስድስተኛው ወር ሲመጣ የግራ ዓይኑ 6/9፣ የቀኙ 6/24 ያነብ ነበር። ሥራውን ትቶ ሳይሆን ቀይሮ ነበር፤ አሁን ብረት ይለካል፣ ይቆርጣል፤ ሲበይድም ግንባሩ ላይ የሚታሠር ጭምብል አለው። በጥጥ ጫፍ የቀኝ ብሌኑን ከላይ በኩል ነካሁት፤ ዓይኑን ቶሎ አርገብግቦ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሳበና «ቆረቆረኝ» አለ። በመካከሉና በታች በኩል ስነካው ግን አላርገበገበም። ጠባሳውን በለጋሽ ብሌን የመቀየሩን ሐሳብ ለጊዜው ያቆየነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በደነዘዘ ዓይን ላይ የተተከለ ብሌንም ያው መዳን ያቅተዋልና። ቀጣዩ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ በካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይም «ከምርመራ በፊት ማደንዘዣ አይደረግ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል።